ጥንስስ ላይ በረኪና

ለባለቤቴ ተዝካር ጠላ ስጠነስስ፣ ጋኑ ላይ ጎንበስ እንዳልሁ ሳቄ መጣ። ሊያግዙኝ የመጡት ጎረቤቶቼ ተያዩ፤ አንዷ እጄን ይዛ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ሐዘኑ ራሴን ያዞረኝ መስሏቸው ነበር። ያን ዕለት ምክንያቱን መናገር አልቻልሁም። አሁን ቀስ እያልሁ ልጻፈው።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ባለቤቴ ስኳር ስለነበረበት እግሩ እምብዛም አይሰማውም። አዲስ ጫማ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ካልሲው በደም ርሶ ነበር፤ እሱ ግን ገበያ ስላገኘው የድሮ ጓደኛው ነበር የሚያወራኝ። ቁስሉ ከአውራ ጣቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ ጣት ሄደ፤ መሐሉም ጠቆረ። ሐኪሙ የጠቆረው የሞተ ሥጋ ነው አለን። እስከ ሁዳዴ እኩሌታ ካልለቀቀ ሁለቱን ጣቶች መቁረጥ ግድ እንደሆነም ነገረን። የትንሿ ልጃችን ሠርግ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ባለቤቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ጣት የጎደለው ሰው እስክስታ ይመታ እንደሆነ።

ሐኪሙ የእግሩ የደም ዝውውር ደካማ ነው ብሎ በስለት መፋቁን ስለፈራ ቅባት አዘዘ። ቅባቱን ትልቋ ልጃችን አዲስ አበባ ፈልጋ ላከችው፤ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ቱቦ ናት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አቀባቡን አሳየችኝ። ቁስሉን በሕክምና ጨው ውሃ አጥባለሁ፤ ከዚያ በጠቆረውና በቢጫው ላይ ብቻ በስሱ ቀብቼ በፋሻ እሸፍናለሁ። ቅባቱ ውስጥ ኢንዛይም የሚሉት ነገር አለ፤ የሞተውን ሥጋ እያሟሟ ያስለቅቃል፣ ሕያዉን አይነካም አለችን። ባለቤቴ የሞተውንና ያልሞተውን መለየት ማን እንዳስተማረው ጠየቃት። ሳቀች።

እኔ ግን አላመንሁም። ያ ቅባት አያቃጥል፣ አይሸት፣ ምኑ መድኃኒት ነው? ስለዚህ ለማንም ሳልናገር፣ ከመቀባቴ በፊት ቁስሉን በየቀኑ በአዮዲን ማሸት ጀመርሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሳደርግ ንጹሕ ሴት ነኝ እያልሁ በራሴ እኮራ ነበር። ጥቁሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ነርሷ ቁስሉን አየች። ከዚያ ዓይኗ ጣቶቼ ላይ ዐረፈ፤ ቡናማ ሆነዋል። የማደርገውን ስነግራት አልተቆጣችም።

«እማማ፣ ጠላ ሲጠነስሱ ጋኑ ውስጥ በረኪና ይጨምራሉ?»

«ምን በወጣኝ» አልሁ።

«ታዲያ ይህ ቅባትም ጥንስስ ነው። አዮዲኑ ሥራውን አስጣለው።»

ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሠላሳ ዓመት ጠላ ጠምቄያለሁ። ብቅል ምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚበላሽ አውቃለሁ፤ ብቅሉን በፈላ ውሃ ያበላሸችብኝን ምራቴን ስንት ቀን ተናግሬያታለሁ። አሁን ግን በገዛ ባሌ እግር ላይ እኔው እሷን ሆንሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ባለቤቴ ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብሎ፣ «ልጄ፣ እሷ ቤት ጠላ ቢሰጡህ እንዳትጠጣ» አለው።

አዮዲኑን ለጎረቤት ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ በየጧቱ እግሩን በመስኮቱ ብርሃን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጥንስስ እንደማይ ሁሉ ሳልቸኩል አየዋለሁ። በአምስተኛው ቀን የጥቁሩ ዳር ለስልሶ ተነሣ። በሰባተኛው በጨው ውሃው ሳጥበው አንድ ጎኑ ከውሃው ጋር መጣ፤ ከሥሩ እንደ በርበሬ ቀይ የሆነ ሥጋ ታየ። ባለቤቴን ና እይ አልሁት፤ የራሱን እግር። ሁለታችንም ቁስል እያየን ስንስቅ ዋልን።

ቀጠሮው ሲደርስ ግን ገና ግማሹ ጥቁር ነበር። ሐኪሙ አገላብጦ አየና ፊቱን ቋጠረ። ባለቤቴም፣ «ዶክተር፣ ጣቶቹን ለሠርጉ ብቻ ያውሱኝ፤ ከዚያ ይወስዷቸዋል» አለው። ሐኪሙ ሳቁን መያዝ አቃተው። ነርሷ ቀይ የሆነውን እያሳየች ስትከራከርልን አንድ ሳምንት ጨመረልን። በዚያ ሳምንት የቀረው ጥቁር ለቀቀ። ተመልሰን ስንሄድ ሐኪሙ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተና መቁረጡ ቀረ አለን። ባለቤቴ የዚያን ዕለት ከጤና ጣቢያው እስከ ባጃጁ ድረስ በእኔ ትከሻ ተደግፎ እየዘፈነ ወጣ፤ ጾም ነው ብዬ ብነግረውም ዝም አልልም አለኝ።

ሠርጉ ላይ ቁስሉ ለመዳን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ነርሷን ጠርተናት ስለነበር፣ ከወንበሩ እንዳይነሣ አስማለችው። እስክስታውን ተቀምጦ መታው። የጎጃም ትከሻ እግር አይለምንም፤ ወጣቶቹ ከበውት ሲያጨበጭቡ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ መታ። ሲጨርስ የጠላውን ጣሳ አንሥቶ አሸተተና፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ይኸኛውን ያለ በረኪና ነው የጠነሰስሽው?»

ነርሷ እስክታነባ ሳቀች፤ እኔም። ሌላው ሰው ምን እንደሆነ አላወቀም።

ባለፈው ዓመት ልቡ ደክሞ ሞተ። ወደ አፈር የገባው ዐሥሩንም ጣቶቹን ይዞ ነው። ለተዝካሩ ጋኑ ላይ ጎንበስ ስል የሰማሁት ያንኑ ድምፁን ነበር፤ የሳቅሁትም ለዚያ ነው።