ምስማር ላይ የተሰቀለችው ኩባያ

ባለፈው ሰሞን ወለቃ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ሸክላዎች መካከል አንዲት ኩባያ ገዛሁ። እቤቴ ገብቼ ውኃ ባፈስስባት ያ ዝናብ የነካው አፈር የመሰለ ሽታዋ ተነሥቶ፣ አፍንጫዬን ይዞ እየጎተተ ወስዶ ቀሐ ወንዝ ዳር ካደግሁበት ሰፈር፣ ከእትዬ ጥሩነሽ ጓዳ ግድግዳ ሥር አቆመኝ። እዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከውሻቸው ማሰሪያ ከፍ ብሎ አንድ ምስማር ነበር፤ ምስማሩ ላይ የእናቴ ኩባያ ተሰቅላ ትኖር ነበር።

እናቴ ካቶሊክ ነበረች። በዚያ ሰፈር ካቶሊክ መሆን ጅራት እንደ ማብቀል ነው፤ ጅራት እንኳ በነጠላ ይሸፈናል። መቁጠሪያዋን ይዛ ብቅ ስትል የሰፈሩ ውሪ ሁሉ «ጸረ ማርያም!» እያለ ይከተላታል፤ እሷ ደግሞ በያንዳንዷ ፍሬ ላይ የምትጠራው ያችኑ ማርያምን ነው። የአርባ አራቱ ታቦት ምእመን ተሰብስቦ ዓመቱን ሙሉ ቢጠራት እናቴ አንድ ቀን የጠራቻትን ያህል አይደርስም። እሁድ በትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን አባ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ፣ ያ ሁሉ «ኵል» እናቴ፣ እኔና ደጃፍ ላይ የተኛችው ድመት ነበርን፤ ድመቷም ከልምድ ብዛት «ምስለ መንፈስከ» ልትል ትንሽ ነበር የቀራት።

እትዬ ጥሩነሽ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ የሰፈሩም ሴቶች የማርያም ማኅበር መሪ ነበሩ። ወር በገባ በሃያ አንድ ጽዋው ተራ ወደ ደረሳት አባል ቤት ይገባል። እናቴ አባል አይደለችም፤ ጠማቂዋ፣ አጣቢዋና ቀጂዋ ግን እሷ ናት፤ ጠላዋን የቀመሰ ሰው ስሙን ረስቶ በጎረቤቱ ስም ይጠራ ነበር። ሁሉም ጠጥቶ ሲረካ፣ ጽዋው የትም ቤት ይሁን፣ ኩባያዋ ከእትዬ ጥሩነሽ ምስማር ላይ ወርዳ ትመጣና ማንቆርቆሪያው አፏን እንዳይነካ ከሩቅ ይቀዱላታል። ጠጥታ፣ አጥባ፣ መልሳ ትሰቅላታለች።

«ምነው እማ፣ አትናደጂም?» እላታለሁ።

«እመቤቴ ታውቃለች» ትለኛለች። እመቤቴ ታውቃለች ብላ የተወችው ነገር ቢከመር ራስ ዳሸን አጠገቡ የጉንዳን ኩይሳ ይመስል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ ያ ጽዋ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ቤቷ እንዲገባ። ለዚህ ስትጸልይ የመቁጠሪያዋ ፍሬዎች አልቀው ምስር አከሉ።

ገብሱም ጌሾውም በተወደደበት አንድ ክረምት እትዬ ጥሩነሽ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ስንዱ፣ የመጪው ወር ባለ ተራ አልችልም ብላለች። ጠላውን አንቺ ጥመቂው፤ ጽዋው አንቺ ቤት ይገባል።»

እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም አጥሩን በቁሙ ጥላው ነበር። ለእንቁጣጣሽ ያሰብናትን በግ ሸጠች፤ ግድግዳውን በእበት ለቀለቀች፤ ቄጠማ ጎዘጎዘች፤ የእመቤታችንን ሥዕል አቧራ በምላሷ ልትልሰው ምንም አልቀራት። በሃያ አንድ ሁለታችንም ነጭ ለብሰን በር በሩን እያየን ሳለ የእትዬ ጥሩነሽ ሠራተኛ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ ገባች።

«ጠላውን ላኪው ብለዋል። ጽዋው እሳቸው ቤት ነው የሚወጣው። የንስሐ አባታቸው ካቶሊክ ቤት አይገባም አሉ።»

«ጠላውስ የምን ሃይማኖት ነው?» አልኩ። እኔ ልተፋበት ምራቄን አጠራቅሜ ነበር፤ እናቴ ግን ጀሪካኑን እስካፉ ሞላችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማንም ያልረገጠውን ቄጠማ ረግጣ ወጣች፤ ሄዳም ስትቀዳላቸው ዋለች። አመሻሽ ላይ ያው ኩባያ ወረደላትና አተላ አተላውን ቀዱላት።

«የዛሬውስ ሸጋ ነው፣ ስንዱ!» አሏት እትዬ ጥሩነሽ።

እቤት ስንገባ «እመቤቴ ታውቃለች» የምትል መስሎኝ ጠበቅኋት። ቄጠማውን ጠርጋ ተኛች።

ስትሞት እኔ ጎልምሼ ነበር። ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱላት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ ደረታቸውን ሲመቱ እሩቅ ያለ የጠዳ ሰው ነጋሪት መስሎት ሳይነሣ አልቀረም። ሐዘን ቤት ጠላ ስቀዳ ግን የልጅነት ተንኮሌ ተነሣብኝና ከጓዳቸው ሄጄ ኩባያዋን ከምስማሩ አወረድኳት፤ ጢም አድርጌ ሞልቼ ለእትዬ ጥሩነሽ ሰጠኋቸው። አንዴ አይተዋት እስከ ታች ጨለጡት። ደስታዬ ከጣሪያ በላይ ሆነ።

«እትዬ፣ የማን ኩባያ መሰለዎት?»

«ምነው ልጄ፣ ይጠፋኛል ብለህ ነው? ምስማሩን የመታሁት እኔ አይደለሁ?» አሉና ኩባያዋን ዘረጉልኝ። «ድገመኝ።»

ደገምኳቸው።

ዛሬ እትዬ ጥሩነሽም የሉ፤ ማኅበሩም ተበትኗል፤ ያ ግድግዳ ፈርሶ የብሎኬት አጥር ቆሞበታል። አዲሷን ኩባያ ፊቴ አስቀምጬ አያታለሁ። በእናቴ ኩባያ እንደዚያ በቀላሉ የሚጠጣ ከሆነ እትዬ ጥሩነሽን ያን ሁሉ ዘመን ምን ከለከላቸው እላለሁ። እናቴም መሞቷን ለጥቂት ቀን ብታዘገየው ኖሮ ታየው ነበር።