ስለት ተስለን ዝም ያልንበት ማሽን

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ነፋስ ስልክ ውስጥ ትሪና ድስት በሚያመርት ፋብሪካ ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ብዙ አልተማርኩምና አጻጻፌን ታገሡኝ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ሳላስበው ጣቶቼን እጨብጣለሁ።

የምሠራው ፕሬስ ማሽን ላይ ነበር። ቆርቆሮውን ታስገባለህ፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ከላይ ያለው ከባድ ብረት ወርዶ ትሪ ያደርገውና ይመለሳል። ካልረገጥክ አይወርድም። እኛ የምናውቀው እንዲያ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ጠመም ያለ ቆርቆሮ ላቃና እጄን ሰደድኩ። ብረቱ ሳልረግጠው ወረደ። እንዴት እጄን እንደሳብኩ አላውቅም። ሳየው የጓንቲዬ ጫፍ የለም። ጓንቲው ሰፊ ስለነበር ባዶውን ነው የቆረጠው። ለሚካኤል ጧፍ ተሳልኩና ጓንቲውን ኪሴ ከተትኩት።

ለምን ደበቅከው ትሉኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ፈጣሪውን አመስግኖ ዝም ነው የሚለው። የበፊቱ ካቦ፣ የሥራ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማነው የነካው?» ብሎ ነበር። የተናገረ ሰው ወደ ጭነት ይዛወራል። የኔ ወገብ ደግሞ ጭነት አይችልም። እግሬ ሳላውቀው ረግጦት ይሆን እንዴ ብዬም ራሴን ጠረጠርኩ።

እጄን እያራቅኩ ስሠራ ቆየሁ፤ ፈረቃ ሲቀየር አስናቀች የምትባል ተረኛ መጣች። ተጫዋች ናት።

«ጋሼ፣ ምነው አመድ መሰሉ? ጾሙ ጠናብዎት?» ብላኝ ቦታዬ ላይ ቁጭ አለች።

ኪሴ ውስጥ ያለውን ጓንቲ ጨበጥኩት። እሷ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ እጇን ወደ ቆርቆሮው ሰደደች።

«ተነሺ ልጄ» አልኳት። ድምፄ ራሴንም አስፈራኝ።

«ወንበሩን ቤት ሊወስዱት ነው?» እያለች ተነሳች።

አዲሱ ካቦ አቶ መኮንን ይባላል፤ ፊቱ አይፈታም። ሄጄ «ሳልረግጠው ወረደ» ብዬ ጓንቲውን ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና ግድግዳው ላይ ያለውን የማሽኑን ማጥፊያ ተጫነ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን በማሽኑ የምንሠራውን ሁሉ ሰበሰበን።

«ማን ነካው አልልም። ምን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። በመናገሩ ከቦታው የሚነቃነቅ ሰው የለም፤ ቃሌ ነው» አለ።

መጀመሪያ የተናገረው ጀማል የሚባለው ባልደረባችን ነው። እሱንም ብረቱ እጅጌውን ነክቶት አልፏል፤ ጥፋቱ የእግሬ ነው ብሎ ሰደቃ አውጥቶ ዝም ብሏል። አስናቀች መሬት መሬት እያየች፣ «እኔም ለእመቤቴ ጥላ ተስያለሁ» አለች።

አቶ መኮንን ራሱን ነቀነቀ። «ፈጣሪስ ሰምቷችኋል። መካኒኩ ግን ከማን ይስማ?»

መካኒኩ ማሽኑን ሲፈታው ብረቱን ከላይ ይዞ የሚያቆየው ሞላ፣ ያ ጥምዝምዙ ብረት፣ ተሰንጥቆ ለመበጠስ ትንሽ ነበር የቀረው። ካቦውም ቃሉን ጠበቀ፤ ማንም ከቦታው አልተነሳም። ከዚያ ወዲያ አንዲት ብሎን ብትላላ እንኳ ሮጠን እንነግረው ነበር።

አሁን አርጅቻለሁ፣ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የአስናቀች እጅ ወደ ቆርቆሮው ሲሄድ፣ እኔም ልናገር ወይስ ልተው እያልኩ የቆምኩባትን ቅጽበት ግን አልረሳሁም። ሳስባት እስከ ዛሬ ይበርደኛል።