የሐጂ የሥዕል መጽሔቶች

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ በሰው ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ድካሙን ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሌሊቱን የገባውን አቧራ እጠርጋለሁ፤ ስጨርስ ግቢው እንደገና አቧራ ለብሶ ይጠብቀኛል። የምሳው ሳህን ታጥቦ ሲያልቅ እግሬ ከማበጡ የተነሳ ጫማ አይገባልኝም ነበር። የቤቱ ሰው ለቀትር እንቅልፍ ጋደም ሲል እኔ ልብስ የምተኩስበት ክፍል ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ኮሚክ አነባለሁ።

ኮሚክ የምለው በተከታታይ ሥዕል የሚተረከውን ታሪክ ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው በሚወጣ አረፋ ውስጥ ተጽፎ የሚታየውን። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የነበሩትን ጥቂት መጽሔቶች ገጻቸው እስኪላላጥ አንብቤያቸዋለሁ። ካርቱም ስገባ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ፍቅሩ ግን አልለቀቀኝም። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሣጥን ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የዓረብኛ ኮሚክ ሳገኝ፣ ሀብት ያገኘሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ዓረብኛ መናገር እንጂ ማንበብ አልችልም። ሥዕሉን እያየሁ ታሪኩን ከራሴ እሞላለሁ።

መጽሔቶቹ የእመቤቴ አባት ንብረት ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። እኔ «ሐጂ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ያ ቢንቲ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። አንድ ቀን በራፉ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ደነገጥኩ።

«ይቅርታ ሐጂ፣ አሁን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

«መመለሱ ይቆይ። ታሪኩን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ዓሣ አጥማጁ ጀልባው ተሰባብሮ ዳርቻው ላይ ያለቅሳል። ከዚያ ማዕበል ይመጣና ጀልባውን ይጠግንለታል። በመጨረሻ በሰላም ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። ሐጂ ሳያቋርጡኝ አዳመጡ።

«ማዕበል ጀልባ ሲጠግን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እዚህ ላይ ግን እንደዚያ ነው።»

«ያ ቢንቲ፣ ዓረብኛ የሚጀምረው ከቀኝ ነው። ሥዕሉም እንደዚያው።»

አራት ወር ሙሉ ታሪኩን ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ሳነብ ኖሬያለሁ። ታርቀው አብረው መኖር ጀመሩ ያልኳቸው ሰዎች ለካ ተጣልተው የተለያዩ ናቸው። አፈርኩ፤ አዘንኩም። ሐጂ ግን አልሳቁብኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀትር ወዲያ ካለው የዐስር ሶላት በኋላ ሻያቸውን ይዤላቸው ስሄድ ግማሽ ሰዓት ያህል ፊደል ያስቆጥሩኝ ጀመር። አረፋዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ለጀማሪ ተስማሙኝ። ዓይኔ እያንቀላፋ፣ ጣቴ መስመሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንበብ ቻልኩ።

ዓርብ ዕረፍቴ ነበር። አል-ሳሃፋ ሰፈር ሁለት የአገሬ ሴቶች የተከራዩት ክፍል ሄጄ እውላለሁ፤ በመንገዴም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ኮሚክ እገዛለሁ። አንድ ዓርብ የያዝኩት መጽሔት ብብቴ ሥር እንዳለ ከሻ ገጠመኝ፤ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው የሚለቅሙበትን አፈሳ እንዲያ ነበር የምንለው። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ቤት ረስቼዋለሁ። ከሌሎች ሴቶች ጋር መኪና ላይ ጫኑኝ። ጣቢያው ስንደርስ አንድ መኮንን መጽሔቱን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የምሠራበት ቤት ልጆች ነው» አልኩት።

በዚያ ቤት ልጅ አልነበረም። መኮንኑ መጽሔቱን መለሰልኝ። እመቤቴ ኢቃማዬን ይዛ እስክትመጣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የታሰርኩት ሳይሆን የዋሸሁት ነበር የከበደኝ።

ማታ ለሐጂ ነገርኳቸው። «እኔም ለሚስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ነው የምገዛው እያልኩ ኖሬያለሁ» አሉኝ። «አላመነችኝም።»

ቀስ በቀስ ዓይናቸው ደከመ። መጀመሪያ ጽሑፉ ጠፋባቸው፤ ኋላ ሥዕሉም። ያን ጊዜ ማንበቡ በእኔ ላይ ወደቀ። አረፋውን ማንበብ ቀላል ነው። ሥዕሉን መናገር ግን ሥራ ነው። «ሴትየዋ በር ላይ ቆማለች» ስላቸው «ፊቷስ? እጇስ ምን ይዟል?» ይሉኛል። ከእሳቸው ጥያቄ በኋላ ነው ሥዕል እንዴት እንደሚታይ የገባኝ። አንዳንዴ ግን ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ሳራግፍ ውዬ ቃል ያጥረኛል፤ «ሐጂ፣ ዛሬ ደክሞኛል» እላለሁ። «እንግዲያው ሁለት ገጽ ብቻ» ይሉኛል። ሁለት ገጽ ሆኖ አያውቅም።

ለሕክምና ካይሮ፣ ወንድ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ቀዶ ጥገናው አልረዳቸውም። ኀሙስ ኀሙስ ከሰዓት በኋላ በእመቤቴ ስልክ እየደወሉ «ያላ፣ በይ እንቀጥል፣ ከየት ላይ አቁመን ነበር?» ይሉኛል። እመቤቴ በመጀመሪያ ስልኳን እስክመልስላት ቆማ ትጠብቅ ነበር። ኋላ ወንበር ስባ መቀመጥ ጀመረች። አንድ ኀሙስ ኮሚኩን ከእጄ ወስዳ አየችውና «ጃኬቱ ቡናማ መሆኑን አልነገርሽውም» አለችኝ።

ያን ዓመት ክረምት ዐረፉ፤ እዚያው ካይሮ ተቀበሩ። እኛ ቤት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሻይ ሳመላልስ እንባዬ መጣብኝና ትሪውን መሬት አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ከሪያድ ሰፈር የመጣች ዘመዳቸው «ይህቺ ሠራተኛ ምን ሆና ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ።

«ለአባቴ ታነብለት ነበር» አለቻት እመቤቴ፤ ትሪውንም ራሷ አንስታ ሻዩን አዞረች።

በአራተኛው ቀን የተዋስነውን ወንበር መለስን፤ ግቢውን በውኃ አጠብኩ። ከቀትር በኋላ ምንም ሳላነብ ወለሉ ላይ ጋደም ብዬ እስኪመሽ ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም።