ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ እየተመላለስኩ አንዲት ሰማንያ ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊት እናት ተንከባክቤያለሁ። ሥራዬ ገላቸውን ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒታቸውን ማስታወስ፣ በራሳቸው አሮጌ መኪና ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ደብዳቤያቸውንም የማነብላቸው እኔ ነኝ። ለጓደኞቼ ስለ እሳቸው ሳወራ ጥሩ ሴት መሆናቸውን እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን "ጥቁር ቢሆኑም" የምትል ነገር አስቀድም ነበር። አሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል። እኔ ከእሳቸው እጠቁራለሁ እኮ! ቤቴ መስታወት የሌለ ይመስል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ቅባት እየቀባሁ ሳለ ልጄ ደወለች። እጄ ቅባት በቅባት ስለነበር በትንሿ ጣቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እንዲህ ስናወራ ኖረናል። ማንም ሰው ፊት ያሻኝን ብናገር አማርኛ ይጋርደኛል ብዬ አምን ነበር።

ልጄ የፈለገችው ከትምህርት ቤቷ የጥቁር ተማሪዎች ክለብ ጋር ኦክላንድ መምጣት ነበር። ጥቁር ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ቁጭ ብሎ መብላት በማይችልበት ዘመን፣ ባንኮኒው ጋ ተቀምጠው አንነሣም በማለታቸው የታሰሩ ተማሪዎች እዚያ በአንድ ዝግጅት ይታሰባሉ። በሕይወት ያሉትም ይገኛሉ። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ እንድፈርምላት ነው የደወለችው።

"ሳይን አላደርግም" አልኳት። "አንቺ ሐበሻ ነሽ። ከእነሱ ጋር ምን አገናኘሽ? ከነዚያ ልጆች ጋር ሃንግአውት አታድርጊ አላልኩሽም? አርፈሽ ሆምወርክሽን ሥሪ!"

የልጄ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፦ "ለምንድነው ሁልጊዜ ከጥቁር ልጆች ጋር አትሁኚ የምትይኝ? እኛስ ምንድን ነን? የምትሠሪላቸው ሴትዮስ?"

እግራቸው እጄ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ለካ የተጋረደው የእኔ ግማሽ ብቻ ነው፤ የልጄን ግማሽ አንድም ሳያመልጣቸው ሰምተዋል። እሳቸው ግን ሪሞቱን በዳበሳ አነሡና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረጉት። እኔ እንዳላፍር ያልሰሙ መስለው መሆኑ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣላቸው። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ልጄ ልትሄድበት የፈለገችው ዝግጅት ጥሪ ነው፤ ከሚታሰቡት ተማሪዎች አንዷ እሳቸው ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ገላቸውን ሳጥብ ግራ እጃቸው አንጓ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቻለሁ፤ ከምን የመጣ ነው ብዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

"ካቴና ነው" አሉኝ አንጓቸውን እያሻሹ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትወስጂኛለሽ?"

እወስድዎታለሁ አልኩ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ የልጄን ወረቀት መፈረም እችል ነበር። አልፈረምኩም። ልጅ ፊት ተሸነፍኩ ማለት ሞት መሰለኝ። ተማሪ ሰልፍ ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው ካገሬ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የከለከልኳት እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ውሸቴን ነው። ልጄን የከለከልኳት ከፖሊስ ሳይሆን ከጥቁሮች ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አለበስኳቸው፣ ዳውንታውን ኦክላንድ ያለው አዳራሽ ወሰድኳቸው። ስማቸው ሲጠራ ክንዴን ተደግፈው ተነሡ። አዳራሹ በሙሉ አብሮ ተነሥቶ አጨበጨበ። ክንዴን ስለያዙ ጭብጨባው ለእኔም ይመስል ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

ሲያልቅ አንዲት ልጅ ሮጣ መጥታ አቀፈቻቸው። ቀና ስትል እኔን አየችና ፊቷ በራ። የልጄ ጓደኛ ናት፣ ሃንግአውት አታድርጊ ካልኳት ልጆች አንዷ። "እሷ ለምን ቀረች?" አለችኝ። "እንደሷ የጓጓ ሰው አልነበረም እኮ።"

"አሟታል" አልኩ፣ በእንግሊዝኛ።

እሳቸው አጠገቤ ናቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይሄኛው ወለምታ እንኳ አይደለም፣ አውቄ ነው የዋሸሁት።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው። ሞተሩን አስነሣሁ፣ ሬዲዮው የሆነ ነገር ያወራል። መንቀሳቀስ አልቻልኩም። ስልኬን አወጣሁና ልጄ ጋ ደወልኩ፤ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

"አጥፍቻለሁ" አልኳት በአማርኛ። "መምጣት ነበረብሽ። የከለከልኩሽ ጥቁሮች ስለሆኑ ነው። እኔ ነኝ ነውረኛዋ። የኔ እናት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ልጄ፣ "ሴትዮዋ አብረውሽ አሉ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"አሉ።"

"እንግዲያው እሳቸውም በሚሰሙት ቋንቋ በይው።"

የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ። መሪውን ጨብጬ ቀረሁ። እንደዚያን ቀኑ ቴሌቪዥን የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ባደረጉልኝና በገላገሉኝ ብዬ ተመኘሁ። እጃቸውን ወደ ሬዲዮው ሰደዱ፣ ማጥፊያውን በዳበሳ አገኙት፣ አጠፉት። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ጠበቁኝ።