ጄቱን ከጋሽ ደምሴ ጋር ያነሳሁበት ቀን

ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ካሜራ አላስነኩኝም። መብራት አስያዙኝና፣ «ያንቺ ሥራ ሰው እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ» ስል ዋልኩ። አንድ ሽማግሌ ትንፋሻቸውን ይዘው ቀርተው፣ «ተነስተዋል አባባ፣ ይተንፍሱ» ብዬ ነው የለቀቅኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰርግ፣ ምርቃት፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ኖርኩ። ፎቶ ቤቱም የራሴ ሆነ። የማነሳው ሁሉ ቁም ሲባል የሚቆም ነበር።

ተዋጊ ጄቶች በከተማችን ሰማይ ላይ ትርኢት ሊያሳዩ ነው የተባለ ሰሞን፣ አዲስ ሆቴል የከፈቱት ጋሽ ደምሴ መጡ።

«ሆቴሌ ጣሪያ ላይ እቆማለሁ። ጄቱ በላዬ ሲያልፍ ታነሺኛለሽ።»

«ጋሼ፣ ፍጥነቱ የድምፅን ሊያክል ምንም አይቀረው ይላሉ እኮ።»

«አንቺም ፍጠኚያ! ከተሳካልሽ የሆቴሉ ሰርግ ሁሉ ያንቺ ነው። ካልሆነ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ።»

ሰርግ በሌለበት ወር የምኖረው በጉርድ ፎቶ ነው። እሺ አልኩ።

በዕለቱ ጋሽ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው ጣሪያው ላይ ቆሙ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ደረጃው ላይ ሆነው ያያሉ። እኔ ካሜራዬን ደግኜ ጆሮዬን አቆምኩ። ድምፁን እንደሰማሁ ወደመጣበት ዞርኩ። ባዶ ሰማይ! ጄቱ በሌላ በኩል ነጥብ አክሎ ሄዷል።

«አነሳሽኝ?»

«እርስዎን አዎ።»

«ጄቱንስ?»

«አልፏል።»

«ሳይነግረን?»

ጄቱ ገና እንደሚመላለስና የሚመጣውም በአንኮበር በኩል መሆኑን የሆቴሉ ዘበኛ ሲነግረኝ፣ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ሱቅ ላላት የአክስቴ ልጅ ለዘነቡ ደወልኩ። «በላይሽ ሲያልፍ ቶሎ ደውዪልኝ» አልኳት። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

«እንዴት ነሽ እህቴ? ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ፣ ጄቱ…»

«ልጆቹ ደህና? ባለቤትሽስ? እናትሽን ወገባቸውን ተሻላቸው?»

«ተሻላት። ዘነቡ፣ ጄቱስ?»

«እሱማ አለፈ እኮ! እሱን ልነግርሽ ነው የደወልኩት።»

ይህን ስትል ጄቱ በራሳችን ላይ አለፈ። እኔ ስልክ ይዣለሁ፤ ጋሽ ደምሴ ክራባታቸውን ያስተካክላሉ።

«ምነው ከአዲስ አበባ ባስመጣሁ!» አሉ።

መልሼ ደወልኩና፣ «ዘነቡ በእመብርሃን፣ ሰላምታውን ለማታ አቆዪው። ሚስኮል ብቻ!» አልኳት።

ሚስኮሉ ሲመጣ ጆሮዬን ረስቼ የምሥራቁን ሰማይ በዓይኔ ያዝኩ። ግራጫ ነጥብ ብቅ አለች። ድምፅ የሚባል የላትም። «ጋሼ፣ ይዘጋጁ!» ስላቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። ነጥቧ በዝምታ አደገች፣ ክንፍ አወጣች። በላያቸው ስትደርስ ጣቴን ከካሜራው ቁልፍ ሳላላቅቅ ደጋግሜ አነሳሁ። ከዚያ ድምፁ ደረሰ። የደረጃው መስኮት ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ደምሴ አጠገባቸው ያለውን የውሃ ታንከር አቅፈው ተንበረከኩ።

አንዱ ፎቶ ላይ ጄቱ ክንፉን ዘርግቶ፣ ጋሽ ደምሴ እንደ ጄኔራል ቆመዋል። እሱ ሆቴሉ መግቢያ ላይ ተሰቀለ፤ ሰርጎቹም የኔ ሆኑ። ታንከሩን ያቀፉበትን እንዳጠፋው አዘዙኝ። እትዬ አልማዝ ግን ቀድመዋቸው መጥተው፣ «በትልቁ እጠቢልኝ፣ ሳሎን ነው የምሰቅለው» ብለውኝ ነበር። አጥቤ ሰጥቻቸዋለሁ።

ወደ ሙያው ለምትገቡ፦ እንዲህ ያለ ጄት ስታነሱ ድምፁን አትጠብቁ። ድምፁ ከተሰማ ጄቱ አልፏል። የሚመጣበትን አቅጣጫ ቀድማችሁ ጠይቁና ዓይናችሁን እዚያ አድርጉ።