የላሟ ጉዝጓዝ

እናቴ ላሟን ከእኔ አስበልጣ ትወድ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ስኖር ብርድ ልብስ ይኑረኝ አይኑረኝ ጠይቃኝ አታውቅም። ላሟ ግን እርጥብ መሬት ላይ እንዳትተኛ፣ በየማታው ከጫካው ዳር ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ አረም አጭዳ ትጎዘጉዝላት ነበር።

ላሟ ደም መሽናት ስትጀምር አልቅት ነው ተባለ። ጠበልም ተረጨች። ደሙ አንድ ሰሞን ጠፍቶ ተመለሰ፤ እሷም እየከሳች ሄደች። በመጨረሻ እናቴ ጥፋተኛ አገኘች፦ ከአጥራችን ወዲያ ያሉትን ጎረቤታችንን። እኔ ስወለድ እትብቴን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ጥፋታቸው ደግሞ አንድ ቀን ላሟን አይተው፣ "ምን ያለች ላም ናት" ማለታቸው ነው።

"ዓይኗ ነው የበላት" አለች እናቴ፤ ሰላምታም ነፈገቻቸው። ተናድጄ ተጣላኋት። እሳቸው ግን ከማንም አልተጣሉም፤ ከብቶቻችን በደጃቸው ሲያልፉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ዞር ማለት ጀመሩ። ያንን ማየት ከጠቡ ይልቅ ያመኝ ነበር።

ላሟ ሞተች። ደውዬ ያመጣሁት የእንስሳት ሐኪም እፊታችን ከፈታት። ፊኛዋን ሲሰነጥቀው ውስጡ እንደ እንጆሪ የቀላ እጢ ሞልቶበታል።

"እማማ፣ ምን ነበር የሚያበሏት?" አለ ሐኪሙ።

"ምን አበላታለሁ፤ ያው ሣር፣ ያው ገለባ።"

በረት ገብቶ ከጉዝጓዙ አንድ እፍኝ ይዞ ወጣ። ጫፍ ጫፉ ተቀርጥፏል። "መኝታዋን ስትበላ ነው የኖረችው። ይኼ አረም መርዝ አለው። ከብት ለዓመታት ሲበላው ፊኛው ውስጥ እንዲህ ያለ እጢ ያወጣል" አላት።

እናቴ ቅጠሉን ተቀብላ አገላበጠችው። "እንዳይበርዳት ብዬ እኮ ነው" አለች። ልቤ ተሰበረ።

የላሟ ልጅ የሆነችው ጊደር ብቻ ቀርታ ነበር። ያንኑ ጉዝጓዝ ተኝታበታለች። ሐኪሙ ገና ልጅ መሆኗንና ሽንቷም ንጹሕ መሆኑን አይቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከአረሙ ካራቅናት ተስፋ አላት አለን። እናቴ ያን ቀን በረቱን ጠርጋ ገለባ አነጠፈች። የአረሙ ሥር ጥልቅ ነው፤ ነቅለነው ክረምት ሲገባ ደግሞ ብቅ ይላል። እሷም ደግማ ትነቅለዋለች። ግትርነቷ ለአንድ ጊዜም ቢሆን ጠቀመን።

ስለ ጎረቤታችን ግን ትንፍሽ አላለችም። "ይቅርታ አይጠየቅም ወይ?" ብላት "አርፈሽ ተቀመጪ" አለችኝ።

ዘንድሮ ጊደሯ በደህና ወለደች። በእኛ አገር አዲስ ጥጃና እንገር ለባዳ ዓይን አይታይም፤ በሩ ይዘጋል። እናቴ ከፈተችው። ከዚያ አጥሩ ሥር ቆማ ጎረቤታችንን ጠራቻቸው።

አንገታቸውን ደፍተው መጡ። የበረቱ በር ላይ ሲደርሱ እንደለመዱት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እናቴ እጇን ሰድዳ ነጠላውን ገለጠችው።

"እዪያት" አለቻቸው። "ጥግብ ብለሽ እዪያት።"

ቆመው ብዙ አዩ።

"ምን ያለች ጥጃ ናት" አሉ።

እናቴ የፈላውን እንገር እያቀበለቻቸው፣ "እስቲ ድገሚው" አለች።