የሰሌዳው የላይኛው ግማሽ

ባለፈው ሳምንት ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር አንድ ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገብቼ፣ ሁለት ወጣት መምህራን የብብት ቅባት ሲያማርጡ አየሁ። አንደኛዋ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «ይሄኛው ሽታው ደስ ይላል፣ እንውሰደው» አለች። ሳቄን ዋጥኩት። እኔም የጀመርኩት በማሽተት ነበር።

ጋምቤላ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ የመጣሁ የሒሳብ አስተማሪ። የካቲት ሲገባ የባሮ ወንዝ ይጎድላል፣ መንገዱ አቧራ ይሆናል፣ የእኔ ብብት ግን ገና ከቤት ሳልወጣ ይርሳል። ሸሚዜ ላይ የሚወጣውን የላብ ክብ ተማሪዎቼ እንዳያዩብኝ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ በሰሌዳው የታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ኋላ የተቀመጡት አንገታቸውን ቢያሰግጉም አይታያቸውም። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ ደርሷል፤ ልጆቹ በእኔ ሰበብ ሊወድቁ ነው። ዝውውር ጠይቂ ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን እልህ ያዘኝ፤ ላብ አባረራት አልባልም አልኩ።

ሎሚ ቀባሁ፤ አቃጠለኝ። ዲዮድራንት የሚሉትን የብብት ሽቶ ገዝቼ ጠዋት ጠዋት ከነእርጥበቴ ደራርቤ ተቀባሁ፤ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ ላቡም ሽቶውም አብረው ይወርዳሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ በመጨረሻ ለጎረቤቴ ለሲስተር አሪየት ነገርኳት። አኙዋ ነች፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች።

«ይሄ ሽታ ብቻ ይሸፍናል፤ ላብ አያቆምም» አለችኝ ጠርሙሱን አገላብጣ። «አሉሚኒየም ያለውን ግዢ። እሱ ከላብ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ የላቡን ቀዳዳ እንደ ውታፍ ይይዛል።»

«ጠዋት ነው የምቀባው?»

«ጠዋት አንቺ ላብ ነሽ! ውሃ የሚፈስበት ግድግዳ ላይ ጭቃ ይለጠፋል እንዴ? ማታ ስትተኚ ቀቢ፤ መጀመሪያ ብብትሽን አድርቂ። ያኔ ላብ ትንሽ ነው፤ ቅባቱ ገብቶ ይይዛል። አንድ ቀን ግን አይበቃም።»

ያለችኝን ገዝቼ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ዶሮ ክንዴን እያማታሁ ብብቴን እያደረቅኩ ቀባሁ። በስምንተኛው ቀን ጀርባዬ እንደ ልማዱ ቢረጥብም ብብቴ ደረቅ ነበር። ዛሬ ከላይ ጀምሬ እጽፋለሁ ብዬ ቆርጬ ክፍል ገባሁ።

ሰሌዳው ሥር አንድ የእንጨት ዱካ ተቀምጧል።

«የማን ነው?» አልኩ።

ኦሞድ የሚባል ተማሪ ከኋላ ተነሣ። «ያንቺ ነው ቲቸር። እጅሽ ሰሌዳው አናት አይደርስም ብለን ከቤት አመጣን።»

ማንም አልሳቀም። እንባዬን እንዳያዩ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ፤ ባያስፈልገኝም ዱካው ላይ ወጥቼ ከላይኛው ጫፍ ጀምሬ ጻፍኩ።

ዛሬም እዚሁ ጋምቤላ ነኝ። ያ ጊዜ ትዝ ባለኝ ቁጥር የሚያሳፍረኝ ላቤ አይደለም። ልጆቹ እንዴት እንርዳት እያሉ ሲመካከሩ፣ እኔ ይስቁብኛል ብዬ ስጠረጥራቸው ከርሜአለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳቸውም።